የአዳራሹ ቀንና የተክሊሉ ቀን

በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጅ ሲድሩ፣ ከከተማ ርቆ በመስክና በደን መካከል የቆመውን የጥንት መኳንንት ቤት ለሠርጉ ቢከራዩ፣ ደስታን ባማረ ስፍራ ማክበር የቆየ የሰው ልማድ ነውና ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም፤ ነገር ግን አከራዩ የሰጠው ቀን የተክሊሉን ቀን እንዲወስን መፍቀድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሎሌውን በጌታው ወንበር ማስቀመጥ ነው።

እነዚህ ቤቶች ለሙሽራ በራቸውን የከፈቱት ቸግሯቸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 የተደነገገው የውርስ ግብር ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ስለ ሄደ፣ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ወራሽና አገልጋይ ስለ ታጣ፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ጣራ ማደስ ያቃታቸው ባላባቶች የአባቶቻቸውን ቤት በየሳምንቱ ያህል ያፈርሱ ነበር። ከጥፋት የተረፈው በዮርክሻየር የሚገኘው ካስል ሃዋርድ እንኳ፣ በ1699 ተጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የተደከመበት ሕንፃ ሳለ፣ በ1940 በተነሣ ቃጠሎ ጉልላቱን አጥቶ ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው ሌላ ጉልላት የተሠራለት። ሠርግ ለእንዲህ ያሉት ቤቶች ሁነኛ መተዳደሪያ የሆነው ከ1995 ወዲህ ነው፤ የእንግሊዝ ሕግ እስከዚያ ድረስ ጋብቻን በጠቅላላው ከጸሎት ቤትና ከመዝገብ ሹም ጽሕፈት ቤት ውጭ አያጸናም ነበርና፣ በ1994 የወጣው አዋጅ ነው ፈቃድ ባገኘ ቤት ቃል ኪዳን እንዲፈጸም ያደረገው።

ይኸው አዋጅ ግን በእነዚህ ቤቶች የሚፈጸመው የጋብቻ ሥርዓት ሃይማኖታዊ ጸሎት እንዳይገባበት ይከለክላል። ስለዚህ አክሊሉ፣ ቅብዐ ቅዱሱና ሥጋ ወደሙ የቤተ ክርስቲያን፣ ግብሩና ጭፈራው የአዳራሹ መሆኑን የመንግሥቱ ሕግም ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያኑም በአንድነት ይመሰክራሉ፤ የሚቀረው ክርክር የቀኑ ብቻ ነው። በእንግሊዝ በጋ ከሁሉ ይልቅ የሚሻሙበት ቅዳሜ ስለ ሆነ፣ ወላጆች ዓመት ሙሉ ቀድመው ቀብድ ይከፍሉና ለንስሐ አባታቸው የሚነግሩት በመጨረሻ ነው፤ እርሳቸውም ቀን ቈጥረው «ልጄ፣ ይህ እኮ ጾም ነው» ሲሉ ቤተሰቡ ሁሉ ያዝናል። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ 4 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን፣ ከዚያ አገር በጋ ብዙውን ቀን ይወስዳሉና።

የሚደንቀው ግን፣ ያው ቤተሰብ አከራዩ ሻማ እንዳይለኰስ፣ ከሰል ተያይዞ ዕጣን እንዳይጨስ ሲያዝ፣ የጥንት ጣውላና መጋረጃ የእሳትን ነገር ያውቃልና እውነት ነው ብሎ ጀበናውን ከነረከቦቱ እቤቱ ትቶ መሄዱ ነው። ለተከራየው ጣራ ይህን ያህል የታዘዘ ሰው፣ ልጁ ክርስትና ከተነሣባት ቤተ ክርስቲያን ጋር ስለ ሁለት ሳምንት የሚከራከርበት ምክንያት ከቶ አይታየኝም።

መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። ቀብድ ከመክፈል በፊት የንስሐ አባትን መጠየቅ፣ ከቅዳሜም ይልቅ እሑድን መምረጥ ይበቃል፤ በጧት ቅዳሴ ተክሊሉ ተፈጽሞ ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ ይኬዳል፣ ኪራዩም እሑድ ብዙውን ጊዜ ከቅዳሜው ይቀንሳል። ሰኞ ሥራ አለብን የሚሉ እንግዶች ቢኖሩ፣ በኦገስት ወር የመጨረሻው ሰኞ በእንግሊዝ የዕረፍት ቀን ነው፤ የእርሱ ዋዜማ የሆነው እሑድም ከነሐሴ 18 ቀን በፊት ከቶ ስለማይውል ሁልጊዜ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። በዚያን ዕለት አከራዩ እንደ ቅዳሜ ዋጋ ቢጠይቅ እንኳ፣ ልጅን ሳይሳቀቁ ለመዳር የሚከፈል ነውና ብዙ አይባልም።