ከፕሮጀክተሩ በፊት መጋረጃው

በዲፓርትመንታችን ለፊልም ማሳያ እናዋጣ በተባለ ቁጥር ወሬው የሚጀምረው ከፕሮጀክተሩ ነው። “4ኬ የሚል አለ፣ ዋጋውም አይከብድም” ይላል አንዱ፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ያሳያል። እኔ ግን እላለሁ፦ መጀመሪያ መጋረጃ እንግዛ፣ ያውም ወፍራምና ጥቁር።

ለምን ቢባል፣ ፕሮጀክተር የሚወረውረው ብርሃን ነው፤ ጥቁር መወርወር አይችልም። በምስሉ ላይ ጥቁር መስሎ የሚታየን ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው። በመስኮት የቀን ብርሃን ከገባ ያ ጥቁር ግራጫ ይሆናል፣ ይህን ደግሞ ውድ ማሽንም በቅጡ አያድነውም። የኃይሌ ገሪማ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” (1976 እ.ኤ.አ.) ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። እንዲህ ባለ ክፍል አይተነው ፈተና ላይ “የብርሃን አጠቃቀሙን ተንትኑ” ብንባል ምን ልንጽፍ ነው? ያላየነውን?

የ“4ኬ” ነገርማ ጉድ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ “4ኬ ፋይል ይቀበላል” ለማለት እንጂ “ያሳያል” ለማለት አይደለም። 4ኬ ማለት 3840 በ2160፣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። የማሽኑ የራሱ ነጥብ 1280 በ720 ከሆነ ግን አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፤ የተቀበለውን አሳንሶ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ሻጩን “ኔቲቩ ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅ ነው። 1920 በ1080 ከሆነ ለእኛ ይበቃል።

ብርሃኑም እንደዚያው። ዝም ብሎ “ሉመን” የሚለውን ትተን “አንሲ ሉመን” የሚለውን እንይ። 200 አንሲ ሉመን 2 ሜትር ስፋት ባለው ምስል ላይ ሲዘረጋ 90 ሉክስ ገደማ ነው። ምስሉን ወደ 3 ሜትር ብንለጥጠው ወደ 40 ይወርዳል። መብራት የበራበት መማሪያ ክፍል እኮ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው! “ትልቅ ይሁን” የምትሉ ጓደኞቼ ይህችን ሒሳብ ያዙልኝ።

ስክሪን መግዛት አያስፈልግም። አቡጀዴ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሮ በምስማር መምታት፣ ብርሃኑ እንዳያልፍ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ማድረግ፤ በቃ። ካልተወጠረ ግን የተዋናዩ ፊት ከጨርቁ ጋር ይሸበሸባል።

የተረፈው ገንዘብ ለስፒከር ይሁን። ትንንሾቹ ፕሮጀክተሮች ውስጥ ያለው ድምፅ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው አይደርስም፤ ቃለ ተውኔቱ ካልተሰማ ደግሞ ምስሉ ምን ያደርግልናል። አሮጌ ባለ አምፖል ማሽን በርካሽ አግኝተናል የምትሉም አስቡበት፦ መብራት ድንገት ሲሄድ ማቀዝቀዣው አብሮ ይቆማል፣ የጋለው አምፖል ይጎዳል። አምፖሉም ቢሆን ዕድሜ አለው፣ መተኪያውም ርካሽ አይደለም።

ቲቪ ይሻላል የሚሉ መምህር አሉ። ባለ 55 ኢንች ቲቪ ስፋቱ 122 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለአሥር ሰው ይሆናል፣ ለሃምሳ ግን አይሆንም። ሆኖም መጋረጃው ካልተፈቀደልን፣ ፊልሙንም ቀን ቀን ማየታችን ካልቀረ፣ ቲቪው ይገዛ፤ ያኔ እኔም አልከራከርም።