ለቤተ ሰብ፤ በአየር ስለሚገባው መሥመርና ስለ በሩ አጠባበቅ

ለመኖሪያ ቤት አጥርና በር እንደሚያስፈልገው ሁሉ፤ በአየር ወደ ቤት ለሚገባው የኢንተርኔት መሥመርም በርና ጠባቂ ያስፈልገዋል። ኢንተርኔት በአገራችን ሥራውን ከጀመረበት ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ፤ ነገሩ ከመሥሪያ ቤት አልፎ ከእልፍኛችን ደርሷል። ስለዚህ በብቸናና በሞጣ ለሚገኙ የተከበሩ አንባቢዎቻችን ይጠቅማል በማለት፤ ራውተር ስለሚባለው ዕቃ አሰነዳድ ጥቂት ቃል ለማቅረብ ወደድን።

ራውተር ከውጭ የመጣውን አንድ መሥመር ተቀብሎ ለቤቱ ሰዎች ሁሉ የሚያከፋፍል ዕቃ ነው። በጀርባው ላን የሚባሉ የሽቦ መሰኪያዎች፤ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሁነው ይገኛሉ። ዋይፋይ የሚባለው ደግሞ በዓይን የማይታይ መሰኪያ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን፤ መሰኪያው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት የሚያደርስ አለመሆኑን ነው። እያንዳንዱ መሰኪያና እያንዳንዱ የዋይፋይ ስም በራውተሩ ውስጥ ከውጭው መሥመር ጋራ መያያዝ አለበት፤ አንዳንዱም ለቴሌቪዥን ብቻ ተለይቶ ይቀመጣል።

እኛም ይህን ባለማወቃችን ተቸግረናል። ልጃችን ለፈተና ስትዘጋጅ የኮምፒዩተሩን ሽቦ በ4ኛው መሰኪያ አገባን፤ መብራቱ በራ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። ሁለት ቀን ሙሉ አገልግሎት ሰጪውን ስናማ ዋልን። በመጨረሻ አንድ ዐዋቂ ሽቦውን ወደ 1ኛው መሰኪያ ቢያዛውረው ወዲያው ሠራ። ጥፋቱ የቤታችን ነበር፤ የልጅቱ ሁለት ቀን ግን አልተመለሰም።

የሞጣ ሰው ይህን ለመረዳት በዐባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ቢያስብ ይበቃዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፤ ግራና ቀኙ ቁሞ ሳለ መንገደኛው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። የመሰኪያው መብራት መብራቱም እንደዚሁ የወዲህኛው ዳር መቆሙን ብቻ ይናገራል።

አሰነዳዱም ይህ ነው። መጀመሪያ በዕቃው ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ቍጥር፤ ለምሳሌ 192.168.1.1 የመሰለውን፤ በኮምፒዩተር ጽፎ ወደ ራውተሩ ገጽ መግባት ነው። ሁለተኛ፤ ከፋብሪካው የመጣውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መለወጥ ነው። ሦስተኛ፤ ለዋይፋዩ ስም ሰጥቶ፤ ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 የተባለውን መቈለፊያ መርጦ፤ የማይገመት ረጅም የይለፍ ቃል ማኖር ነው። አራተኛ፤ የሚፈለጉት መሰኪያዎች ከውጭው መሥመር ጋራ መያያዛቸውን ማረጋገጥ ነው። ከመለወጥ በፊት ግን የቀድሞውን ሁኔታ በወረቀት መጻፍ ይገባል።

ስለ ቦታውም እንናገር። 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳን በደኅና ያልፋል፤ 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ሲሆን ሩቅ አይሄድም። ወፍራም የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ሁለቱንም ያደክማል፤ ቆርቆሮና የብረት ቁም ሣጥን ይከለክላሉ። ስለዚህ ዕቃውን በቤቱ መካከል፤ ከፍ ካለ ስፍራ ማስቀመጥ መልካም ነው።

እንግዳ መቀበል የአገራችን ክብር ነው፤ ነገር ግን እንግዳን በሳሎን እንጂ በጓዳ አናስቀምጥም። ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ለእንግዶች ሌላ የዋይፋይ ስም ከፍቶ፤ የመንግሥት ወረቀትና የቤት ምሥጢር ካለበት ኮምፒዩተር መለየት ይገባል። የይለፍ ቃሉን ለልጆች ስንሰጥም ለምን እንደሚጠበቅ እናስረዳቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ዛሬ ማታ ግማሽ ሰዓት ለዚህ የሰጠ የቤት አባት፤ ነገ የልጁን ትምህርትና የቤቱን ክብር ይጠብቃል።