በሕግ አምላክ ያለ ሰው

በድሮው ሥርዓት አበዳሪ ባለዕዳውን መንገድ ላይ ካገኘው «በምኒልክ አምላክ!» ይለዋል፤ በቃ። የተባለው ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አልፎ ቢሄድ ንጉሡን እንደናቀ ይቆጠርበታል። ከዚያ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ያመራሉ። ዳኛ ከሌለ አላፊ መንገደኛውን «ዳኘን» ብለው ያስቆሙታል፤ እሱም የራሱን ጉዳይ ትቶ ዛፍ ጥላ ሥር ሙግታቸውን ይሰማል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኔን የሚገርመኝ የባለዕዳው መቆም አይደለም። አበዳሪውም አብሮ መታሰሩ ነው። ቃሉን ያወጣ ሰው «ቀልዴን ነው» ብሎ መሄድ አይችልም፤ ኩታው ተቋጥሯላ!

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባሰማቸው ንግግሮች፣ ቃል የገባ ወይም የተወራረደ ሰው ወሬ ሳይሆን ሥራ ላይ ነው ይላል። ንግግሮቹ እሱ ከሞተ በኋላ በ1962 በመጽሐፍ ወጡ። እንደ ኦስቲን ከሆነ ቃሉ እንዲሠራ ተናጋሪውም፣ ቦታውም፣ ሥርዓቱም መሟላት አለባቸው። እኔ በእሱ ላይ የምጨምረው ተናጋሪው ከራሱ የሆነ ነገር ማስያዝ እንዳለበት ነው።

ከብት ገበያ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ሻጩ «ይባርክልህ» ካለ በሬው ባለቤት ቀየረ፤ ገመዱ ግን ገና በሻጩ እጅ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ ሺህ ብር ልጨምር ቢለው እንኳ ቃሉን አያጥፍም። ቢያጥፍ በሚቀጥለው ገበያ ማን ያምነዋል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1681 በቃል መዋዋል እንደሚቻል ይቀበላል። ለቤትና ለመሬት ግን በአንቀጽ 1723 ጽሑፍ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ ሕጉ አፋችንን ያን ያህል አላመነውም፣ እኔም አልፈርድበትም።

«በሞቴ» ብላ ጉርሻ የምትዘረጋ አክስትም የምታስይዘው የራሷን ሞት ነው። ጠግቤያለሁ ማለት ትችላላችሁ፤ ግን እጇ አየር ላይ እያለ እምቢ የማለቱን ክብደት የሞከረ ያውቀዋል። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ምንም አያስይዝም። ማን በደለ? መጉላላቱ ራሱ «ተፈጠረ»።

ሰሞኑን ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ተራ አስከባሪና አንድ የሚኒባስ ረዳት አንገት ለአንገት ተያያዙ። ከሰልፉ አንድ አዛውንት «በሕግ አምላክ!» አሉ። ከኋላዬ የነበረ ልጅ ሳቀ፤ ረዳቱ ዞር ብሎም አላየ። እዚያው በቆሎ ይጠብሱ የነበሩ እናት ማራገቢያቸውን ጥለው መጡና ክንዱን ይዘው «በእናትህ! በወለደችህ!» ሲሉት ጡጫው ሳይሰነዘር ወረደ። ተራ አስከባሪው ግን አልበረደም። እሱን ዝም ያሰኘው ስልኩን ከፍ አድርጎ «እየቀረጽኩህ ነው» ያለው ወጣት ነው። ወዲያው እጁን ሰብስቦ ሸሚዙን አስተካከለ።

ሦስት ሰው ተናገረ፤ ሁለቱ ሠራላቸው። አዛውንቱ የጠሩት ሕግ ነው፤ ሕጉን በየቢሮው በቀጠሮ ሲመላለስ ያየ ጎልማሳ ስሙን ሰምቶ ባይደነግጥ አይገርመኝም። ልጁ የሳቀው በሽማግሌው ሳይሆን በዚህ ይመስለኛል። የእናት ስም ግን እስካሁን ይዟል፤ የያዘውም ሴትዮዋ ቡጢ መሃል ገብተው ስለተናገሩት ጭምር ነው።

«እየቀረጽኩህ ነው» የዘመኑ በሕግ አምላክ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ማስቆሙን ያስቆማል፤ አልካድኩም። ጉልበተኛን ከደካማ ላይ ያነሳበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን ቀራጩ ኩታው አልተቋጠረም። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቆ ራቱን ሊበላ ይችላል። ሁለቱ ተጎዳድተው ፖሊስ «ማን አየ?» ቢል፣ ያን ስልክ ይዞ ጣቢያ ድረስ ይሄድ ነበር? አዛውንቱ እንደሚሄዱ ግን አልጠራጠርም፤ ጠቡ በርዶ ሁላችንም ወደ ሰልፋችን ስንመለስ እንኳ ሁለቱን አስቀምጠው ማን ማንን ቀድሞ እንደነካ ይጠይቁ ነበር።