ርእሰ አንቀጽ፦ ቅጹ «ተመስገን»ን አያውቅም

ከእኛ መካከል ለዕረፍት ወደ ቤቱ ገብቶ «እሰይ መጣህ! እስቲ ይችን ወረቀት ሙላልኝ» ያልተባለ ተማሪ ይገኛል ብለን አናምንም። ወረቀቷ ብዙ ጊዜ የጡረታ ናት፤ ባለቤቷም ሠርቶ ሠርቶ ወገቡ የተሰበረ አጎት ወይም ዓይኗ የደከመ አክስት። ፊደል ቈጥረናልና ብዕር አውጥተን በሩብ ሰዓት ሞልተን እንሰጣለን። ነገራችን ስለዚህች ሩብ ሰዓት ነው።

እንደሚታወቀው ወገናችን ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ መልሱ «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው የሕክምና ቦርድ ፊት ቀርቦ «ከትናንት ዛሬ ይሻለኛል» ይላል። ማማረር ፈጣሪን መዳፈር ይመስለዋል። ቅጹ ግን ይህን ጨዋነት አያውቅም፤ የተጻፈውን ብቻ ያያል። ስለዚህ ጠያቂዎቹ እኛ መሆን አለብን። ጋሼ፣ ከቤት እስከ ገበያ ስንት ጊዜ ያርፋሉ? ጀሪካኑን ማን ያነሣልዎታል? ጫማዎን ማን ያስራል? መልሱን በራሳቸው ቃል ጽፎ፣ ጮክ ብሎ አንብቦላቸው፣ ከዚያ በኋላ ማስፈረም ነው። (አበሉ እንዲገኝ ብሎ የሌለ በሽታ የሚጽፍ ጎበዝ ካለ ብዕሩን ያስቀምጥ፤ የአንዱ ውሸት የሌላውን እውነት ያስጠረጥራል።)

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2003 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች፣ በቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኛ፣ በቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኛ፣ በሕመም ሥራ ያቃተው ሰው የወር አበል እንዲያገኝ ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ነበረበት፤ ያልሞላለት ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። ከሥራ ያወጣው ጉዳት በሥራው ምክንያት የደረሰ ከሆነ ግን የአገልግሎት ዘመን አይቈጠርበትም፤ አበሉም ከጉዳቱ በፊት ያገኝ ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶ ነበረ። በ2014 ዓ.ም. አዋጆቹ በ1267ና በ1268 ቢተኩም ይህ ልዩነት አልጠፋም። እንግዲህ 6 ዓመት ያገለገለ የፋብሪካ ሠራተኛ «ወገቤን ያመኛል» ቢል አንድ ነገር ነው፤ «በሥራ ሰዓት የጥጥ ጥቅል ሳነሣ ወገቤ ተጎዳ» ቢል ሌላ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቤተ ሰቡን የሚያበላው ግን ሁለተኛው ነው።

የስም ነገርም አለ። በአንዱ ወረቀት «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ»፣ በፋይዳ መታወቂያ ላይ ደግሞ ሌላ የልደት ዘመን ከሆነ፣ ሽማግሌው ለአንዲት ፊደል ሲመላለስ ይከርማል። አስቀድሞ ማስተያየት ነው።

በጣና ዳር ታንኳ ሲቀዝፍ ኖሮ ክንዱ የዛለ ዓሣ አጥማጅስ የትኛውን ቅጽ ይሙላ? እነዚህ አዋጆች የተጻፉት ደመወዝ ለሚከፈለው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲንከባከብ ያዛል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም መሥራት ለማይችሉ ቀጥተኛ ድጋፍ ይዞ መጣ፤ ነገር ግን በተመረጡ ወረዳዎች ነበረ፤ ስም የሚመረጠውም በመንደር ስብሰባ ነው። በስብሰባው ፊት «ተመስገን» ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት አንባቢ ይገምት። ይህን ጉዳይ መምህሮቻችን በጥናት ቢይዙት ደስ ይለናል።

እስከዚያው ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ በፔዳ ግቢ በር አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ያኑር እንላለን፤ አንዱ ለሕግ ተማሪ፣ አንዱ ለጤና ተማሪ፣ አንዱ ለባለ ጉዳዩ። ከራፖር ጸሐፊዎች ጋር እንጀራ ለመሻማት አይደለም፤ ለመክፈል ለማይችለው ነው። የፖሊ ልጆችም ሩቅ ነው አትበሉ። ፈቃደኞች ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ ከዘጌ በጀልባ የሚመጡ ባለ ጉዳዮች በዚያው ቀን እንዲመለሱ ተራው ከጧቱ 3 ሰዓት ይጀምር።