የሰቀልነውን ማን ያውርደው?

ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። በእኛ ሰፈር ዋና መንገድ ግን ጥር 11 ገና አላበቃም። ከመብራት ምሰሶ ወደ መብራት ምሰሶ፣ ከሱቅ ጣራ ወደ ግቢ አጥር የተወጠረው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ፕላስቲክ እንዳለ ነው። ግማሹን ነፋስ በጥሶታል። አንዱ ጫፍ መሬት ለመሬት ይጎተታል፣ ታክሲ ሲያልፍ በጎማው ጠቅልሎት ይሄዳል። ቀና ብላችሁ ብታዩ ደግሞ ከዘንድሮው ጎን የአምናው አለ። ከአምናው ጎን ፀሐይ ቀለሙን በልቶት ነጭ የሆነው የካቻምናው አለ። ዓመት በመጣ ቁጥር በአሮጌው ላይ አዲስ እንደርባለን እንጂ የወረደ ነገር አላየሁም።

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ ነው። ፖለቲካ የለመዳችሁ ተከታታዮች «ይሄ ልጅ ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩና ፍረዱ። የበዓል ጌጥ ማን ያወርዳል የሚለው ጥያቄ፣ በዚህ አገር የተጀመረን ነገር ማን ይጨርሳል፣ የቆሸሸን ነገር ማን ያነሳል፣ የማንስ ልጅ ልጅ ነው ከሚለው ጥያቄ አይለይም።

ከመንገዱ ልጀምር። ለመስቀሉ ኮሚቴ አለን። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወጣቶች ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ መሰላል ይዋሳሉ፣ ሌሊቱን ሲሰቅሉ ያድራሉ። ደስ ይላል። ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው የለም፣ እኔም አልንቅም። ነገር ግን በዚያ ደብተር ላይ «ማውረጃ» የሚል መስመር አይቼ አላውቅም። ገንዘቡ የሚያልቀው በዋዜማው ነው። ጉልበቱ የሚያልቀው ታቦቱ መንበሩ ሲገባ ነው። ጥር 12 ቅዱስ ሚካኤልን ሸኝተን ቤታችን ስንገባ መንገዱን ለነፋስ አደራ ሰጥተን ነው።

የሚገርመው ይህንን የሚያደርጉት እነዚያው ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች መሆናቸው ነው። ምንጣፉ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። የፊቶቹ ያነጥፋሉ። ታቦቱና ካህናቱ ሲያልፉ የኋላዎቹ ይጠቀልላሉ፣ ተሸክመው እየሮጡ ወደ ፊት ያደርሳሉ፣ እንደገና ይነጠፋል። የሚጠቅልል ባይኖር የሚነጠፍ ምንጣፍ ከመቶ ሜትር በኋላ ያልቅ ነበር። ስለዚህ «መሰብሰብ አንችልበትም፣ ባህላችን አይደለም» የሚለኝ ሰው አይዋሸኝ። እንችልበታለን። ከነክብሩ እንችልበታለን። ጥቅልሉን የተሸከመው ወጣት አንጣፊው ከሚያገኘው ያላነሰ በረከት እንደሚያገኝ ያምናል። ይህ እምነት መንገዱ ሲያልቅ አብሮ የሚያልቀው ለምንድን ነው?

እኔ የማየው ምክንያት አንድ ነው። መስቀል ይታያል፣ ማውረድ አይታይም። ለጥምቀት ሙስሊም ወጣቶች፣ ለዒድ ደግሞ ክርስቲያን ወጣቶች መጥረጊያ ይዘው አደባባይ ሲያጸዱ አይተናል፣ ደስ ብሎን ለወዳጅ አጋርተናል። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን ያ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከበዓሉ በፊት የተነሳ ነው። በማግስቱ ጃንሜዳ ሄዶ የውኃ ፕላስቲክ የሚለቅመውን ሰው ማን ፎቶ ያነሳዋል? ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተናል። ቅርሱ አይዳሰስም። በማግስቱ የሚቀረው ግን ይዳሰሳል፣ ቦይ ውስጥም ገብቶ ክረምት ሲመጣ ውኃውን ወደ ጎረቤት ቤት ይመልሰዋል።

«ባንዲራ ነው፣ ማውረድ ነውር ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። ይህን ክርክር በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ በዚህ ዘመን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የነካ እጅ ወዲያው ሰፈር እንደሚለይበት አውቃለሁ። ግን ትምህርት ቤት የነበርንበትን ጊዜ እናስታውስ። ጠዋት ተሰልፈን፣ ዘምረን እንሰቅል ነበር። ማታ ደግሞ ሲወርድ፣ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ያወረደው ልጅ መሬት ሳያስነካ አጥፎ ያስገባዋል። ማውረድ ነውር ቢሆን ኖሮ ሥርዓት ባልተሠራለት። ነውሩ ተበጣጥሶ ጭቃ ውስጥ ሲረገጥ እያዩ ማለፍ ነው። ቀለሙን እወዳለሁ የሚል ሰው ቀለሙ እስኪነጣ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። መንገዱ የቤታችን ቅጥያ ነውና።

ባለፈው ሳምንት ዘመድ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። የገና ዛፉ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ እንደተገተረ ነው። የቤቱ ሁለት ልጆች ሶፋ ላይ ተጋድመው ስልክ ላይ ካርቱን ያያሉ። አንዲት ልጅ በርጩማ ላይ ቆማ ከዛፉ ላይ መብራቱን ትፈታለች፣ ጥጡን ትለቅማለች፣ ኳሶቹን አንድ በአንድ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጣለች። ከሶፋው ላይ ካለው ትልቁ ልጅ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከገጠር የመጣች ናት።

«ልጆቹ ለምን አያግዟትም?» አልኩ፣ እንደ ቀልድ።

«ተዋቸው፣ የቤት ሥራ አለባቸው» አለችኝ ዘመዴ።

«እሷስ አትማርም?»

«የማታ ትማራለች። ላስተምራት ብዬ አይደል ያመጣኋት። ዛሬ ይሄ ዕቃ ይነሳ ብዬ ነው ያስቀረኋት።»

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ የምለው ሰውዬ ምን አደረግሁ? ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ፣ መርቄ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው መጀመሪያ ራሴን ለመውቀስ ነው።

ስለዚህ «የበዓል ጌጥ በልጆች እርዳታ ይነሳ» ብዬ ስጽፍ አዲስ ነገር ያመጣሁ እንዳይመስላችሁ። በብዙ ቤት ድሮም የሚያነሳው ልጅ ነው። የቤቱ ልጅ አይደለም እንጂ። ዛፉን ያስጌጠው፣ አጠገቡ ፎቶ የተነሳው፣ ስጦታውን የቀደደው አንድ ልጅ ነው። የተቀደደውን ወረቀት የሚለቅመው ሌላ ልጅ ነው። የደረቀውን ጉዝጓዝ ጠርጎ የሚያወጣው፣ የፈነዳውን ፊኛ ከሶፋ ሥር የሚያወጣው እሱ ነው። አንደኛው ልጅ በዓል በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው ብሎ ያድጋል። «ለፋሲካ የተዳረች ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል» የሚለውን ተረት እንግዲህ በገዛ ልጆቻችን ላይ እየሠራንበት ነው።

ሕጉ ምን ይላል ለምትሉ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ያው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ከጉልበት ብዝበዛ የመጠበቅ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ ያለመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። በመካከል ያለው ክፍተት የእኛ ሳሎን ነው። ቤሩትና ሪያድ ውስጥ ስለሚበደሉ እህቶቻችን እንጮኻለን፣ መጮኽም ይገባናል። ግን ብዙዎቹ የሰው ቤት ሥራን የጀመሩት አገራቸው ውስጥ፣ «ላስተምራት» ብለን ባመጣናቸው በእኛ ቤት መሆኑን አንርሳ።

ታዲያ ምን ይሁን ነው የምለው? በዓሉን ያየ ልጅ ሁሉ በዓሉን ያንሳ። በእናትና በአባት ፊት፣ በእናትና በአባት እጅ አብሮ። የሰው ልጅ በርጩማ ላይ ቆሞ የራስ ልጅ ሶፋ ላይ አይጋደም። የቤቱ ልጅ ለማንሳት ካልደረሰ፣ ሠራተኛዋም ልጅ ናትና አልደረሰችም፤ አዋቂው ያንሳ።

የሚቀርቡብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ።

አንደኛው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ነው። እውነት ነው። ከልጆች ጋር ሲሆን የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ኳስ ይሰበራል፣ መብራቱ ይተበተባል። ዘንድሮ ከሴት ልጄ ጋር ስናነሳ የመብራቱን ገመድ በካርቶን ቁራጭ ላይ መጠቅለል ብቻ አንድ ከሰዓት ወስዶብናል። የአምናው ግን እኔ ሌሊት ብቻዬን፣ እሷ ከተኛች በኋላ፣ በንዴት ፌስታል ውስጥ የጠቀጠቅሁት ነበር፤ ሲወጣ ግማሹ አይበራም። ተረቱ ስለ እራት ነው የሚናገረው። ልጅ ሳያቦካ ማቡካት ይማራል አይልም።

ሁለተኛው «ልጅ ይጫወት፣ ልጅነቱን አትንጠቁት» ነው። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ስለየትኛው ልጅ እንደሚናገሩ እጠይቃለሁ። በገዛ ቤቱ፣ ከገዛ ወላጁ ጋር፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ከሰዓት የሚያግዝ ልጅ ልጅነቱ አይነጠቅም። ልጅነቷ የተነጠቀው ከትምህርት ቤት የቀረችው ናት። ለእሷ «ትጫወት» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ሦስተኛው የመንገዱ ነው፤ «ልጅ የመብራት ምሰሶ ላይ ይውጣ ወይ?» አይውጣ! ጎረምሳውም አይውጣ። ጭራሽ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አብሮ መሰቀሉ ነው ጥፋቱ። ከሽቦ ጋር የተያያዘውን መብራት ኃይል መጥቶ ያንሳው፤ ኮሚቴው ለመስቀል የሰው ጣራ ማንኳኳት ከቻለ ለማውረድ ቢሮ ማንኳኳት አያቅተውም። ከአጥርና ከቆርቆሮ ላይ ያለውን አዋቂዎች በመሰላል ያውርዱ። የልጆቹ ሥራ መሬት ላይ ነው፦ የወረደውን ገመድ በዱላ መጠቅለል፣ ደህናውን ከተቀደደው መለየት፣ መቁጠር፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ ስሙን መጻፍ። ለሚመጣው ዓመት የሚሆነው ይቀመጣል፣ መዋጮውም ይቀንሳል። ይህን በየዓመቱ ደብተር ይዘው በራችን ለሚቆሙት ወጣቶች ማስላት አይከብድም።

ሥራውን ለመጀመር አዋጅ አያስፈልገውም። ከጥር 12 በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ለማውረጃ ይሁን። ኮሚቴው ከሚሰበስበው መዋጮ ላይ ለዚያ ቀን የሚሆን ይቀንስ፤ ለመሰላል፣ ለማዳበሪያ፣ ለልጆቹ ዳቦና ሻይ። የሰቀሉት ወጣቶች ስም ደብተሩ ላይ አለ፤ የሚያወርዱትም እነሱ ይሁኑ። በዒድም፣ በመስቀልም፣ በእንቁጣጣሽም እንደዚሁ።

የማናነሳው ነገር ጠፍቶ አይጠፋም። ሌላ ሰው ዘንድ ይሄዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ እኛ «ጣልነው» ያልነው ሁሉ የት እንደሚሄድ አይተናል። ከዚያ ክምር ሥርና አጠገብ ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ ልጆች ያድጉ ነበር። በየበዓሉ አዲስ ገዝተን አሮጌውን በምንወረውርበት ጊዜ ሁሉ ለአንድ ሰው ልጅ ሥራ እየሰጠን ነው።

ለዘመዴ ደውዬላታለሁ። ይህን እንደምጽፍ ነገርኳት፣ ስሟን እንደማልጠራም ነገርኳት። ተቆጣችኝ። «አንተ ደግሞ ከዛፍ ተነስተህ!» አለችኝ። ሲበርድላት ግን ልጅቷ ሰኞ ትምህርቷን እንደምትገባ ነገረችኝ። እውነት መሆኑን ሄጄ አያለሁ፣ ዘንድሮ ዝም ብዬ ቡና ጠጥቼ አልወጣም።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ዙሪያውን እዩ። ዛፉ ከቆመ፣ ልጆቹን ከሶፋው ላይ አስነሱ፤ ራሳችሁም ተነሱ። ሰፈራችሁ ላይ የተሰቀለ ካለ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ደውሉለት። ከእኔ ጋር የማይስማማ ካለ ሐሳቡን ይጻፍልኝ፣ ስድብ ካልሆነ በስተቀር እዚሁ አወጣዋለሁ።

ሰላም ሰንብቱ።