ማን ነበር?

አሶሳ ውስጥ ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ የመተከል ዞን ግድያ ነገር ከተነሳ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ሰሞኑን ግን አንድ አዛውንት ዝም አላሉም። ከዚያው ዞን፣ ከቡለን ወረዳ ተፈናቅለው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ ዘመድ ዘንድ የተጠጉ ሰው ናቸው። እኔ ስለ ሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው ስዘበዝብ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ገዳዮቹ ይሰቀሉልኝ አላልኩም፤ ማን እንደነበረ ይነገረኝ ነው ያልኩት» አሉኝ።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል መጥተው ከነዋሪው ጋር ተወያይተው ነበር። በማግሥቱ ንጋት ላይ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ የተኛ ሰው በጥይትና በእሳት አለቀ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 207 አድርሶታል። የስድስት ወር ሕፃን ሳይቀር ከሟቾቹ አንዱ ነው።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ነገሩ እዚያው መተከል ውስጥ ወዳለው ወደ ጉባ ወረዳ ዞረ። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያውን ኃይል አመነጨና አገር ጨፈረ። በ11ኛው ቀን እዚያው ጉባ ወረዳ፣ አይሲድ ቀበሌ፣ ሰው ከነሕይወቱ ተቃጠለ፤ ምስሉም ከቀናት በኋላ ወጣ። ዙሪያውን ከቆሙት መካከል የጸጥታ ኃይል ልብስ የለበሱ ነበሩ። የበኩጂ ገዳዮች ከጫካ የመጡ ታጣቂዎች ናቸው፤ ከአይሲዶቹ መካከል ግን ደንብ ልብስ የለበሱ ነበሩ። ሁለቱንም «የብሔር ግጭት» ብለን በአንድ ከረጢት የምንከት ሰዎች ለገዳዮቹ መደበቂያ እየሰፋንላቸው ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የክልሉ መንግሥት ጫካ ከነበረው ከታጣቂው የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር አሶሳ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈራረም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ዛሬም አልጸጸትም። ጫካ ያለን ሰው ካቴና ይዘህ ብትጠራው አይመጣም፤ እሱ ካልመጣ ደግሞ የሚሞተው ገበሬው ነው። «አሁን ክስ ብታነሱ ሰላሙ ይፈርሳል» የሚሉኝ ወዳጆቼ ሞኞች አይደሉም። የፈሩት ነገር በዓይናቸው ያዩት ነው።

ስህተታቸው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጠመንጃ ያስቀመጠ ሰው ጠመንጃ በማንሳቱ ምሕረት ሊያገኝ ይችላል። ሕፃን በመግደሉ ግን ምሕረት የሚሰጠው ካቢኔም ጉባኤም የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋም፣ በምሕረትም፣ በይቅርታም እንደማይታለፍ ደንግጓል። የእኛ ሽማግሌዎችም ቢሆኑ ገዳዩ ሳይታወቅ ደም ለማድረቅ አይቀመጡም። ዕርቅ የሚወርደው በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ አንዱ ወገን ከሌለ ምን ብለው ያስታርቃሉ?

ክርክሩ ሁሉ በቅጣት ዙሪያ የሚሽከረከር መሆኑ ይገርመኛል። ለእኔ የፍርድ ቤት ትልቁ ሥራ መለየት ነው። እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ ይህን አደረገ ሲባል ወንጀሉ ባለቤቱን ያገኛል። ባለቤቱ ካልተገኘ ግን ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ሕዝብ ላይ ይለጠፋል። ዛሬ አንድ የጉሙዝ ወጣት ከቤቱ ወጥቶ ሥራ ሲፈልግ የሚያጋጥመውን ዓይን ያየ ይህን ያውቃል። በኩጂ አልነበረም፤ የበኩጂን ዕዳ ግን ይከፍላል። ገዳዮቹን ያልጠየቅን ጊዜ ያዳንነው ጉሙዝን ሳይሆን ገዳዮቹን ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎትና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ይላል። መልካም። ችሎቱ ግን አዲስ አበባ ላይ እንዳይቀር። ግልገል በለስ ይቀመጥ። በጉሙዝኛም፣ በሺናሽኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በትግርኛም ይሰማ። ከጫካ የመጣውም፣ ደንብ ልብስ የለበሰውም፣ ቢሮ ተቀምጦ ሰምቶ ዝም ያለውም በተራ ይቁም። ነፃ የሚወጣም ካለ፣ ነፃነቱ ሰው በተሰበሰበበት ይነገርለት። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚል ሕዝብ መረታትን ይችላል፤ የማይችለው ሳይሰሙት ሲቀሩ ነው።

አዛውንቱን ልሰናበታቸው ስነሳ፣ ማን እንደነበረ ማወቁ ምን እንደሚጠቅማቸው ጠየቅኋቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«አጠገቤ የነበረው ጎረቤቴ ጉሙዝ ነው። ልጆቻችን አብረው ነው ያደጉት። እሱ አይመስለኝም። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እሱም እርግጠኛ እንዳልሆንኩ ያውቃል። ይኸው ስንት ዓመት፣ ስልክ እንኳ አንደዋወልም።»