ቫልቮላው ምን አጠፋ?

አንባቢ ሆይ፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ይዘህ ወደ ገጠር ወጥተህ የምታውቅ እንደ ሆነ ይህ ነገር ሳያጋጥምህ አልቀረም። ፀሐይ ትጠልቅና መብራት ታበራለህ፤ ጥቂት እንደ ሄድህ የዳሽቦርዱ መብራት ድርግም ይላል። ወርደህ ብታይ የኋላው ቀይ መብራትም ጠፍቷል። ቫልቮላው፣ ወጣቶቹ ፊውዝ የሚሉት ማለት ነው፣ ተቃጥሏል። አዲስ ትተካለህ፤ ያም ይቃጠላል። በሦስተኛው ላይ «ምን ዓይነት የማይረባ ቫልቮላ ነው!» ትላለህ።

እኔም ከብቸና ወደ ሞጣ ስጓዝ እንዲሁ ብያለሁ። መንገዱ በዚያን ጊዜ ጠጠር ነበር። ሾፌሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ከብቸና እንደ ወጣን አንድ፣ ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ሌላ ቫልቮላ ተቃጠለ። መለዋወጫው ሲያልቅባቸው ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት አውጥተው በተቃጠለው ላይ ጠቀለሉና መልሰው ሰኩት። መብራቱ ቦግ አለ። «አየህ ልጄ፣ ሞጣ ያደርሰናል» አሉኝ። እኔም ተማርሁ ባዩ ዝም አልሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙም ሳንርቅ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን፤ ከመሪው ሥርም ጢስ ወጣ። ሾፌሩ ዘለው ወርደው የባትሪውን ገመድ ፈቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ ከባትሪው በሽቦ ይሄድና አምፖሉን አብርቶ በመኪናው ብረት አካል በኩል ይመለሳል። የሽቦው ልባስ ተልጦ መዳቡ ብረቱን ከነካ ግን አምፖሉ ጋ ሳይደርስ ባቋራጭ ይመለሳል፤ በክረምት ከጤፍ ማሳ ፈሰሱን ጥሶ እንደሚወጣ ጎርፍ በለው። ባትሪው 12 ቮልት ሆኖ የአቋራጩ ተቃውሞ 0.1 ኦም ቢሆን 120 አምፔር ይፈስሳል። ቫልቮላው የሚችለው 10 ወይም 15 ስለሆነ ቀልጦ መንገዱን ይዘጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ብርማው ወረቀት በቫልቮላው ቦታ ሲገባ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው። ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው ከምንጣፉ ሥርና ከነዳጁ ታንክ አጠገብ ነው! በቀዩ ባለ 10 ፈንታ ቢጫውን ባለ 20 መሰካትም የዚያው የሲጋራ ወረቀት ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። አስቀድመህ ቫልቮላው የሚቃጠልበትን ጊዜ አጢን። መብራቱ እንደ ተከፈተ ከሆነ ሽቦው ዘወትር ብረት ይነካል። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ በፍሬን መብራት መሥመር ነው። የእኛው የሚቃጠለው መኪናው ሲንገጫገጭ ነበር፤ ስለዚህ የሚወዛወዝ ሽቦ መፈለግ ነበረብን።

ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን ከመለዋወጫ ሣጥን ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል አወጣን። ሁለት ሽቦ አሰርንበትና ጫፎቹን በቫልቮላው ምትክ ሰካን። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦው አይቃጠልም፤ አንተም ቫልቮላ ስትፈጅ አታድርም። ከዚያ የኋላውን፣ የታርጋውንና የፊት ትንንሾቹን አምፖሎች ነቅለን ባትሪውን መልሰን አሰርን፤ መብራቱንም ከፈትን። የዳሽቦርዶቹን አምፖሎች ለመንቀል ብዙ መፍታት ስላለበት ተውናቸው፤ በእነሱ በኩል በምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሰካነው አምፖል እንደ ፍም ደብዘዝ ብሎ ቀረ። ቦግ ካለ ግን ብረት የነካ ሽቦ አለ።

እኔ አምፖሉን ስጠብቅ ሾፌሩ ሽቦውን ከፊት ጀምረው እየነቀነቁ ወደ ኋላ ሄዱ። ከፊት መብራቱ ዘንድ ምንም የለም። ከወንበሩ ሥርም ምንም። ከመኪናው ሥር በጀርባቸው ተንጋለው አንዱን ሲነኩ ቦግ! «በራ!» ብዬ ጮህሁ። ሲለቁት ደበዘዘ፤ ደግመው ሲይዙት ቦግ አለ።

ሽቦው በሻንሲው ቀዳዳ ሲያልፍ የሚታቀፍበት የላስቲክ ቀለበት ወልቆ ወድቋል። የቀዳዳው ጠርዝ ልባሱን እንደ መጋዝ ገዝግዞት የስንዴ ቅንጣት የምታህል መዳብ ታበራለች። ለዚህች ቅንጣት ነው መኪናው ሊነድ የነበረው።

ባትሪውን እንደ ገና ፈትተን የተላጠውን በፕላስተር ጠቀለልን፤ በቀለበቱም ፈንታ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አስገባን። ከመሪው ሥር ልባሱ የቀለጠውን አንድ ክንድ ያህል ሽቦም ቆርጠን በደኅና ለወጥነው። ይህን «ነገ ይሠራል» ብለህ እንዳታልፈው፤ ሁለተኛው ንክኪ ከዚያው ይነሣል።

የቀረው ቫልቮላ ነበር። ከሬድዮው መሥመር ቀዩን ባለ 10 ነቅለን ሰካነው። ሞጣ ስንገባ መሽቷል፤ የኋላው መብራት ግን እንደ በራ ነበር። ሬድዮው እስክንመለስ ድረስ ዝም እንዳለ ቀረ፤ ዜና የማያመልጣቸው ሾፌራችንም ስለዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አኮረፉኝ።